ወደ ኩልፎ የወረደው አንድ ጋሪ ሣር

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ዓይኔ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። መንገድ ስሄድ የማየው መሬቱን ነው። ባለፈው እሑድ ከጸሎት ስንወጣ በቤተክርስቲያናችን አጥር ሥር አንዲት የማውቃት ቅጠል አየሁና ከነሙሉ ልብሴ ተንበርክኬ ከሥሯ መዘዝኳት። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ጸሎት የጨመርኩ መስሏቸው ቆመው ጠበቁኝ። ሚስቴ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። ቤት ስንደርስ "ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ያቺ ቅጠል አንድ ሳምንት ብትቆይ ኖሮ ታብብ ነበር።

ስሜ ማርቆስ ነው፤ በጋሞ ደጋ የገረሴ አገር ልጅ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት በአርባ ምንጭ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አረም ስነቅል ኖርኩ። በወረቀት ላይ የሥራ መደቤ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። መጀመሪያ አትክልተኛ ነበርኩ፣ ቀጥሎ የግቢ ውበት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም የአረንጓዴ ልማት ቡድን አስተባባሪ ተባልኩ። ደሞዙ ከስሙ ጋር እኩል አልረዘመም፤ ልጆቼ ግን ተምረውበታልና አላማርርም። አማቾቼ ለብዙ ጊዜ መምህር እመስላቸው ነበር። "ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው" ብዬ ዝም ስለምል ጥፋቱ የእኔ ነው።

የተቀጠርኩ ሰሞን የተሰጠኝ ሥራ የወፍ ቆሎ መትከል ነበር። ቀይና ብጫ አበባ ያለው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ ከብት አይደፍረውም። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ሌላ ከተማ አይቶ ስለወደደው ከተማሪዎቹ መኝታ ቤት ጀርባ እስከ ጫካው ዳር ድረስ በገመድ እየለካን አጥር አድርገን ተከልነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ኃላፊ መጣና "ይህን መጤ ማነው የተከለው?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ፍሬውን ወፎቹና ዝንጀሮዎቹ እየበሉ እስከ ጫካው ውስጥ ዘርተውታል። በአንድ ወር የተከልኩትን ለመንቀል አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የቀረ ነው።

መንቀል ያስተማሩኝ ጋሽ ብሩ ናቸው። በወጣትነታቸው የጥጥ እርሻ ላይ የሠሩ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ፤ እኔ ስቀጠር የቡድናችን አለቃ ነበሩ። እሳቸው ቆመው አረም ሲነቅሉ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ይንበረከካሉ። ጎንበስ ብሎ የሚነቅል ሰው ቅጠሉን ይዞ ይጎትታል፣ የተንበረከከ ግን አንገቱን ያገኛል ይሉ ነበር። ሥራ ሲያበቃ የሱሪያቸውን እጥፋት ይገለብጡና እዚያ የተጠራቀመውን ገለባና ዘር በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ያራግፉታል። ቀጥለው ጫማቸውን ከድንጋይ ጋር ያጋጫሉ። ጣሳው ሲሞላ ይቃጠላል። እኛ ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ እንስቅባቸው ነበር። ከመካከላችን አንዱ "ጋሽ ብሩ ቆሎ ይዘው ወደ ቤት እየሄዱ ነው" ይል ነበር።

አንድ ሌላም ልማድ ነበራቸው። አረም ነቅለን ስንጨርስ "ነቀላችሁ?" ብለው አይጠይቁም፤ "ምን ተከላችሁ?" ነው የሚሉት። ባዶ መሬት ካገኘ አረሙ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከነቀልንበት ቦታ ሁሉ ሰርዶ እየቆረጥን እንተክላለን። ሰርዶው ሥር ከሰደደ ሌላው መግቢያ ያጣል።

በኋላ ግቢውን የወረረው የወፍ ቆሎ አልነበረም። መምህራኑ ፓርቲኒየም ይሉታል፤ እኛ ሠራተኞቹ ነጭ አበባ ነበር የምንለው። አዲስ ሕንፃ ሊሠራ አሸዋና ጠጠር ሲመጣ በመኪና ጎማ አብሮ ገባ። ሲበቅል መሬት ላይ ተለጥፎ ነው፤ ቅጠሉ የካሮት ይመስላል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ዝናብ ካገኘ በአንድ ወር ውስጥ ወገብ ይደርስና ከጥፍር ያነሰች ነጭ አበባ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ዘሩን የሚቆጥር የለም። ሲነኩት ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። በማጭድ ወይም በማሽን ከታጨደ ደግሞ ከሥሩ አምስት ሆኖ ይነሳል።

ስለዚህ ሥራው ከዝናብ ማግስት ነው። መሬቱ ሲለሰልስ ጓንት ታደርጋለህ፣ እጅጌህን ታወርዳለህ፣ አንገቱን ይዘህ ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ ትስበዋለህ። ያላበበውን እዚያው በሲሚንቶ ላይ ታደርቀዋለህ። ያበበውን ግን ሳታራግፍ ከረጢት ውስጥ ትከትና አፉን አስረህ ወደ ማቃጠያው ጉድጓድ ትወስዳለህ። ጋሽ ብሩ ጡረታ የወጡ ቀን ጣሳቸውን ለእኔ ሰጥተውኝ "ያበበ ከግቢ አይወጣም" አሉኝ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

አሁን ስለ ኦይሳ ልናገር። ኦይሳ የአገሬ ልጅ ነው፤ ገረሴ አብረን ነው ያደግነው። እሱ ቀድሞኝ ወደ ቆላ ወርዶ በኩልፎ ወንዝ ዳር ትንሽ የሙዝ ቦታ ያዘ። እኔ ስወርድ ሥራ እስካገኝ ድረስ ያኖረኝ እሱ ነው። ቡድኑን እኔ ከተረከብኩ በኋላ ስምምነት ነበረን፤ የግቢው ሣር ሲታጨድ ኦይሳ በአህያ ጋሪ መጥቶ ይወስዳል። ሙዝ ሥሩ ሣር ሲለብስ እርጥበቱን ይይዛል፣ መሬቱም ይሰባል። ለእኛም የሚጣል ነገር ነው። ሁልጊዜ ሲጭን "ንጹህ ነው?" ይለኛል፤ እኔም "ንጹህ ነው" እለዋለሁ። ከሰላምታ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ሰላምታ ሆኖብን ነበር።

አንድ ዓመት የምረቃ ሰሞን ነው። አዲስ ኃላፊ መጥቶልናል፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ችኩል ግን ነበር። ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ያለው ሜዳ በነጭ አበባ ተሸፍኖ አየና በሁለት ቀን አጽዱልኝ አለ። በእጅ ከተነቀለ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብዬ ነገርኩት። በማሽን እጨዱት አለ። ተመልሶ ይበቅላል አልኩት። እስኪበቅል ምረቃው ያልፋል አለ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ ማለት ይህ ነው። የታጨደውን እናቃጥል ስለው ደግሞ፣ እንግዳ እየመጣ ግቢውን ጭስ በጭስ ልታደርጉት ነው ወይ ብሎ ከለከለ።

ጥፋቱን በእሱ ላይ ለመጫን አይደለም ይህን የምጽፈው። አጨድነው። ክምሩ ከሜዳ ሣር ጋር ተደባልቆ ከመንገዱ ዳር ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ክምሩ እንዲነሳ ተነገረኝ፤ ከረጢት የለም፣ ጉድጓዱ ሞልቷል። በዚያው ሰዓት ኦይሳ በጋሪው መጣ። ቀደም ብሎ ሣር ጠይቆኝ ነበር፤ አዲስ የሙዝ ችግኝ ተክሎ በመካከሉ በርበሬ ጣል አድርጎበታል። ከላይ ያለው አረንጓዴ ሣር ነው፤ ከሥሩ ያለውን እኔ አውቃለሁ። በፀሐይ ሲጠወልግ ዘሩም ይሞታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ኦይሳ እንደ ልማዱ "ንጹህ ነው?" አለኝ።

"ንጹህ ነው" አልኩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የጥቅምት ዝናብ ሲመጣ ለሌላ ጉዳይ ኩልፎ ወርጄ የኦይሳን ቦታ አየሁት። በርበሬው የት እንደነበረ አይታወቅም። ከችግኞቹ ሥር፣ በመስኖው ቦይ ግራና ቀኝ ነጭ አበባ ሆኗል። ኦይሳ በባዶ እጁ ሲነቅል ከርሞ ክንዱ እስከ ክርኑ አብጦ ቆስሏል። ላሙ ከዳሩ በልታ ወተቷ ስለመረረ ልጆቹ አልጠጣ ብለዋል። እኔን ሲያይ ደስ አለው። አንተ የዚህ ሥራ አዋቂ ነህ፣ ይህ ከየት የመጣ ጉድ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

 ያን ጊዜ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሁለታችን መካከል ያልቅ ነበር። እኔ ግን በጎማም በጎርፍም ሊመጣ ይችላል አልኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ኦይሳ ራሱን ነቀነቀና "ቶማ ነው" አለ።

ቶማ ከኦይሳ በላይ፣ ከወንዙ ፈንጠር ብሎ ያለ ጎረቤቱ ነው። በበጋ ለከብቱ ከሌላ አገር ድርቆሽ አስመጥቶ ነበር። ኦይሳ ዘሩ በድርቆሹ መጥቶ በቦዩ ወረደብኝ ብሎ ደመደመ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ ቀጥሎ ተሰዳደቡ፣ በመጨረሻም ቶማ ቦዩን ዘጋበት። በኩልፎ ዳር ሰው በውኃ ከተጣላ ቀጥሎ የሚነሳው አካፋ ነው። ሚስቶቻቸው ገበያ ላይ ተገናኝተው ሰላም አይባባሉም። እኔ ይህን ሁሉ እሰማለሁ፤ እሑድ እሑድ ከኦይሳ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጸልያለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት የት ይደርሳል?

ወራት አለፉ። ክረምቱ ሲያልቅ፣ የመስቀል በዓላችን መስቀላ ሲቃረብ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ቂም ይዞ መስቀላ መግባት ነውር ነው፤ የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት መታረቅ አለበት። ሽማግሌዎቹ ቶማ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እንዲጠይቅ ሊመክሩት እንደሆነ ሰማሁ። ያልሠራውን ሊያሳምኑት ነው።

ያን ቀን ወደ ጋሽ ብሩ ቤት ሄድኩ። አርጅተው በከዘራ ነበር የሚሄዱት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጫማዬ ላይ ጣሉ።

"ዘሩ ከሄደ አንተም ሂድ" አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ግቢ ገባሁና ጋሽ ብሩ በጉልምስናቸው ሰርዶ የተከሉበት ቦታ ሄድኩ። በጋሞ ልማድ የበደለ ሰው እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ይቆማል። ሣር የያዘን ሰው አልፎ መሄድ አይቻልም፤ ቆመህ ልትሰማው ግድ ነው። አንድ እፍኝ ቆረጥኩ። እያንዳንዷን ዘለላ አገላብጬ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሣር ጋር ኖሬ ሣር የከበደኝ ያን ቀን ነው።

ሽማግሌዎቹ ኩልፎ ዳር ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ኦይሳ በአንድ በኩል፣ ቶማ በሌላ በኩል። ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ መሐል ገብቼ ተንበረከኩ። ማንም እኔን አልጠራኝም ነበር። የጋሪውን ነገር ተናገርኩ። ቶማ ንጹሕ መሆኑን፣ እኔ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ተናገርኩ። 

ኦይሳ ተነስቶ መጣ። ከያዝኩት ሣር አንዲት ዘለላ መዘዘ። ሥሯን አየ፣ ጫፏን አየ።

"ዘር አለው?" አለኝ።

"የለውም።"

"ያን ጊዜም ንጹህ ነው ብለኸኝ ነበር።"

 እስከ ዛሬ ድረስ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ የእሱ ድምፅ ነው፤ አልጮኸም፣ ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። አለቀስኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦይሳን ሣሩን እንዲቀበል በዓይኑ ለመነው። ኦይሳ ሣሩን ሁሉ ከእጄ ተቀበለና ከእግሩ ሥር አስቀመጠው። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከእግዚአብሔር የተማርኩት ስለሆነ ይቅር እላለሁ አለ። ከዚያም "ከግቢህ ግን ከእንግዲህ አንድ ክር ሣር አልወስድም" አለኝ።

እሱም ወደ ቶማ ዞሮ ጎንበስ አለ። ቶማ ተጫዋች ሰው ነው፤ እኔን የሰደበኝን አፍስ ማን ያርምልኛል ብሎ ሽማግሌዎቹን አሳቃቸው። በዚያው ቀን ቦዩን ከፈተ።

ይቅርታ በአንድ ቀን ይገኛል፣ ዘር ግን በመሬት ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩልፎ እወርድ ጀመር። አንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር መድኃኒት ልርጭላችሁ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ኦይሳና ቶማ አብረው እምቢ አሉ። ኩልፎ የጠጣውን ጫሞ ሐይቅ ይጠጣዋል፣ ዓሣውን ደግሞ እኛው ነን የምንበላው አሉት። መምህሩም ገባው። የቀረው ጉልበት ነበር።

በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ምንጣፍ በቀለ። ኦይሳ በአንድ መስመር፣ እኔ በሌላው መስመር ተንበርክከን ነቀልን። ቶማም በእሱ በኩል የተሻገረውን ነቀለ። ለሁለቱም ጓንት አመጣሁላቸው፣ አንገቱን እንዴት እንደሚይዙ አሳየኋቸው። ጋሽ ብሩ በሁለተኛው ቅዳሜ በባጃጅ መጡ። ከሙዙ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው እያመለከቱ "እዚያ አንዲት ቀርታለች" ይሉናል። ስንጨርስ "ምን ተከላችሁ?" አሉ። ኦይሳ ሥራ የጨመሩበት መስሎት አየኝ፤ እኔ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በባዶው ቦታ ሁሉ ስኳር ድንች ተከልን፤ ሐረጉ ተስፋፍቶ መሬቱን ሸፈነው።

ማታ ስንለያይ ሦስታችንም የሱሪያችንን እጥፋት ገልብጠን በጣሳው ውስጥ እናራግፋለን። የቶማ ልጆች ይህን ሲያዩ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቁ ነበር። ጋሽ ብሩ በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ሬሳቸውን ሸኝተን ስንመለስ ኦይሳ ሳይነግረኝ የመቃብሩን ጭቃ ከጫማው ላይ በድንጋይ አራገፈ። የተማረው ከእሳቸው ነው።

ዓመት በዓመት እየቀነሰ ሄደ። በግቢም እንዲሁ። ያ ችኩል ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከእሱ በኋላ ለመጣችው ኃላፊ የጋሪውን ታሪክ ሳልደብቅ ነገርኳት። ከእንግዲህ ያበበ አረም በማሽን አይታጨድም፣ ለምረቃም ቢሆን፤ የሚገባ አሸዋም በር ላይ ይታያል ብላ ጽፋ ፈረመች። ከመላው አገሪቱ የሚመጡ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት ሲገቡ ግማሽ ቀን ከእኛ ጋር እንዲነቅሉ ታደርግ ነበር። አንዳንዶቹ ያኮርፋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ተመርቀው ሲሄዱ ጣሳዋ የት አለች ብለው ይሰናበቱኛል።

በኦይሳ ቦታ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ የሚያዝያ ዝናብ ዘንቦ፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፈልገን አንዲት እንኳ አጣን።  ኦይሳ አንድ የበሰለ ሙዝ ቆርጦ ሰጠኝና ተቀምጠን በላን።  ሣሬን እንዲወስድ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ጋሪው ወደ ግቢያችን በር መጥቶ አያውቅም፤ ለሙዙ ከሩቅ ቦታ ጭድ ያስመጣ ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ቀን ባልደረቦቼ ሸኙኝ። ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ኃላፊዋ ጥሩ ንግግር አደረገች። ንግግሩ ውስጥ ኩልፎ አልነበረም። ያለ እሱ የተነገረ የእኔ ታሪክ ግማሽ ነው ብዬ እያሰብኩ ዕቃዬን ልሰበስብ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ያን ጊዜ የበሩ ጥበቃ እንግዳ አለህ ብሎ አስጠራኝ።

ኦይሳ ነበር። ከቶማ ተውሶ ባመጣው ጋሪ ላይ ተቀምጧል። አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ሰላምታ ተለዋወጥንና ወደ ውስጥ አሻግሮ እያየ፣ ሣር ታጭዷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በጠዋት እንደታጨደ ነገርኩት። እንግዲያው ጫንልኝ አለ።

ጋቢውን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ክምሩን በእጄ እፍኝ በእፍኝ እያየሁ ጫንኩት፤ ወጣቶቹ ሊያግዙኝ ሲመጡ መለስኳቸው። ኦይሳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከጥበቃው ጋር ስለ ዝናቡ ያወራል። ስጨርስ ወደ ጋሪው መጣ። የለመድኩትን ጥያቄ ጠበቅሁ፤ ኦይሳ ግን ገመዱን ማሰር ጀመረ።

"አታየውም?" አልኩት።

"አንተ አይተኸው የለም እንዴ?" አለኝ።

አህያዋን ነዳት። ጋሪው ከበሩ ወጥቶ ወደ ኩልፎ በሚወስደው ቁልቁለት ወረደ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ የሱሪዬን እጥፋት ገለበጥኩ፤ አንዲት ዘር እንኳ አልነበረበትም። ጋሪው ከዓይኔ እስኪጠፋ አየሁት። አልተከተልኩትም።